የተፈታታ የካንቲሊቨር ፍሬን መግጠም፦ የሞላው ግራና ቀኝ፣ የፔርኖው ነገርና የመንጠቆው ከፍታ

ሞላ ፈላጊ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:20

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከምናለሽ ተራ ተለቅሞ የመጣ አንድ ፌስታል የካንቲሊቨር ፍሬን ዕቃ አለ (ቸርኬውን፣ ማለትም ጎማው የተገጠመበትን ክብ፣ ከግራና ከቀኝ በሁለት ክንድ የሚይዘው ዓይነት)፤ ሁሉም ለየብቻው የተፈታ ነው። ሲቆጠር፦ ክንድ 5፣ ሞላ 6 (ሦስቱ ጥቁር፣ ሦስቱ ነጣ ያለ)፣ ክንዱን ፔርኖው ላይ (ክንዱ የሚዞርበት አጭር ዘንግ ላይ) የሚያስረው ቡሎን 3፣ እግሩ ጥርስ የሌለው ለስላሳ የፍሬን ጎማ 6፣ የጎማውን እግር አንቆ የሚይዘው ባለ ቀዳዳ ቡሎን ከነዳዶው 4፣ ሁለቱን ክንድ የሚያገናኘው አግድም ሽቦ 1፣ አግድሙን ሽቦ ከመሃሉ ወደ ላይ የሚስበው መንጠቆ 2። ራንዴላው ተደባልቋል፤ የቱ የት እንደሚገባ አይለይም።

ሳይክሉ ባለ 26 ማውንቴን ነው፣ ብረት ፍሬም። ፎርኬላው (የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ) ላይም ከኮርቻው ሥር ባሉት ዘንጎች ላይም ፔርኖዎቹ በቦታቸው አሉ። እጀታዎቹ ግን ከቪ ፍሬን (ሽቦው ከጎን ገብቶ ሁለቱን ረጃጅም ክንዶች ከሚያቀራርብበት ዓይነት) የተረፉ ናቸው። መንገዱ ከሽሮ ሜዳ በስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ፣ ከዚያ በቸርችል ወደ ለገሃር ነውና ቁልቁለቱን ታውቁታላችሁ።

ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው። የቱ ሞላ የግራ የቱ የቀኝ ነው? የቪ እጀታ ይሠራል? መንጠቆው ከጎማው በላይ ምን ያህል ከፍ ይበል?

---

የጥንቱ መካኒክ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:05

ወንድሜ፣ ከመግጠም በፊት ማጣመር ይቀድማል። አምስቱን ክንድ ጋዜጣ ላይ ደርድርና ቅርጻቸውን እይ። ከፔርኖው ቀዳዳ ተነስቶ ወደ ጎን የተዘረጋ አለ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የቆመ አለ። የተዘረጋውን ከቆመው ጋር በአንድ ጎማ ላይ አታጣምር። ለአንድ ዓይነት ስበት የሚሰጡት ጉልበት ስለሚለያይ አንዱ ቸርኬውን ቀድሞ ይነካል፣ ሌላው ይዘገያል፤ የሞላ ማስተካከያ ብሎን ብታዞር ብታዞር አይታረቁም።

ቀጥሎ የሽቦውን ቦታ ተመልከት። በአንድ ጥንድ ውስጥ አንዱ ክንድ ሽቦውን የሚያስር ቡሎን፣ ሌላው የሽቦውን ራስ የሚቀበል ክፍት ጉድጓድ ሊኖረው ይገባል። ጎማ ስትነቅል ሽቦው በጣት የሚላቀቀው በዚያ በክፍቱ በኩል ነው። ሁለቱም ባለ ቡሎን ከሆኑ ፍሬኑ ይሠራል፤ ግን ጎማ በተነፈሰ ቁጥር ቁልፍ ይዘህ ሽቦ ልትፈታ ነው፣ ከዚያም እንደገና ልትለካ።

አጠባው ቀላል ነው። ሩብ ሊትር ነጭ ጋዝ በጣሳ፣ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መፈግፈግ፣ በጨርቅ ማድረቅ። የፍሬን ጎማውንና የፕላስቲክ ሽፋኖቹን ግን ጣሳው ውስጥ እንዳትጨምር። ጋዝ የጠጣ ጎማ ያብጣል፣ ቸርኬውንም ይቀባል።

አሁን ወደ ሞላው። ብዙ ፋብሪካ ግራና ቀኙን በቀለም ይለያል፤ ከተደባለቀ ፌስታል የወጣ ሞላ ላይ ግን ቀለም ምስክር አይሆንም። ምስክሩ የጥቅልሉ አቅጣጫ ነው። ክንዱን ከነሞላው ፔርኖው ላይ አስቀምጥ፤ ቡሎኑን አታስገባ። የሞላውን አንዱን ጫፍ ፔርኖው ግርጌ ካሉት ሦስት ቀዳዳዎች የመሃሉ ውስጥ ክተት፣ ሌላውን ጫፍ ክንዱ ላይ ባለው ቦታ። ክንዱን በእጅህ ወደ ቸርኬው ግፋ። ሁለት ነገር መታየት አለበት፦ ሞላው ክንዱን ወደ ውጭ ይመልሳል፤ ወደ ቸርኬው ስትገፋው ደግሞ ጥቅልሉ እየጠበቀ ይሄዳል። ስትገፋ ጥቅልሉ እየሰፋ ከሄደ ሞላው የዚያኛው ወገን ነው። ተገላቢጦሽ የገባ ሞላም ለጊዜው ክንዱን ሊመልስ ስለሚችል ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከጥቂት ቀን በኋላ ጫፉ ይታጠፋል፣ ጉልበቱ ያልቃል፣ ጎማው ቸርኬው ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

ጎበጥ ያለውን ሞላ በፒንሳ መመለስ ይቻላል። በዝገት የተበላውን፣ ላዩ ላይ እንደ ፈንጣጣ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለውን ግን ጣለው፤ የሚሰበረው እዚያው ላይ ነው። ከስድስቱ አራት ንጹሕ ከወጡልህ በቂ ነው።

በሁለቱም ወገን ተመሳሳይ ቀዳዳ ተጠቀም። መሃሉን። የቀሩት ሁለቱ ሞላውን ማጥበቂያና ማላሊያ ናቸው፣ ወደ እነሱ የሚኬደው መጨረሻ ላይ ነው።

---

ቶርኖ ቤት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:50

ጋሼ ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ ከክንዱ በፊት ፔርኖው ይታይ። የአሮጌ ካንቲሊቨር ፍሬን በሽታ አብዛኛው እዚያ ነው፤ ሰው ግን ሞላ እየለወጠ ይደክማል።

የፔርኖው ውጪ 8 ሚሊ ሜትር፣ የውስጡ ጥርስ ኤም 6 ነው፤ በአንድ ዙር 1 ሚሊ ሜትር የሚገባው ዓይነት። በካሊብሮ (በውፍረት መለኪያው) ግርጌውንም ጫፉንም ለካ። ግርጌው 8 ሆኖ ጫፉ 8.2 ወይም 8.3 ካሳየ ፔርኖው እንደ እንጉዳይ አብጧል ማለት ነው። ይህን የሚያመጣው ቡሎኑን ከልክ በላይ ማጥበቅ ነው። ክንዱ በግድ ይገባል፣ ከገባ በኋላ ግን አይዞርም። እጀታውን ትስባለህ፣ ፍሬኑ ይይዛል፤ ትለቃለህ፣ አይመለስም።

ሞረድ አታንሳ። 240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በጣት ስፋት ቁረጥ፣ ፔርኖው ላይ ጠቅልለህ ጫማ እንደሚወለውል ልጅ ወዲያ ወዲህ ሳብ፤ በ400 ቁጥር ጨርስ። በየ20 ስበቱ ክንዱን ሞክር። ክንዱ በገዛ ክብደቱ ከዞረ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትወዘውዘው ግን ካልተንጓጓ አቁም። አንዴ ከቀነስክ መመለሻ የለም።

ቀጥሎ ርዝመቱ። ክንዱ ከገባ በኋላ የፔርኖው ጫፍ ከክንዱ ቡሽ (ፔርኖው ከሚያልፍበት ቀለበት) በወረቀት ውፍረት ያህል ብቅ ማለት አለበት። ምክንያቱም ቡሎኑ ሲጠብቅ የሚጫነው የፔርኖውን አፍ እንጂ ክንዱን መሆን የለበትም። የፔርኖው ጫፍ ከቡሹ ዝቅ ካለ ቡሎኑ ክንዱን ይነክሰዋል። ሰዉ ያኔ ቡሎኑን በማላላት ይፈታዋል፤ የላላ ቡሎን ደግሞ መንገድ ላይ ይወድቃል። መፍትሔው ቡሹን ከጀርባው በትንሹ መላግ ነው። ቡሹ ከነጭራሹ ካለቀ ቶርኖ ቤት በነሐስ ይሠራልሃል፤ ፔርኖውን የለካህበትን ቁጥር ጽፈህ ሂድ።

የውስጡ ጥርስ ላይ ዝገት ካለ የኤም 6 ማስኪዮ (ጥርስ ማውጫ) በዘይት አስገባ፤ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ። አዲሱ ቡሎን ቢያንስ 8 ዙር በጣት ብቻ መግባት አለበት። አንተ ጋ ያለው ሦስት ስለሆነ አራተኛውን ከብረታ ብረት ሱቅ ስትገዛ አንዱን ይዘህ ሂድ። ርዝመቱ ከበዛ ከፔርኖው ግርጌ ገጥሞ የጠበቀ ይመስላል፣ ክንዱ ግን ይወዛወዛል።

ፔርኖው ላይ ስስ ግራሶ፣ ቡሎኑ ጥርስ ላይ አንድ ጠብታ ሰማያዊ የቡሎን ማጣበቂያ። ማጥበቂያው ከ5 እስከ 7 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ቁልፍ ለሌለው፦ ባለ 5 ብሩጎላውን (ባለ ስድስት ጎን መፍቻውን) ከመታጠፊያው አጠገብ በሁለት ጣት ይዘህ እስኪቆም። ረጅሙን ጫፍ በሙሉ መዳፍ ከያዝክ ያ እንጉዳይ ተመልሶ መጣ።

---

ለገሃር 26 · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:15

እኔ ስለ እጀታው ልመልስ። የቪ እጀታ በአንድ ጭብጥ የሚስበው ሽቦ ከካንቲሊቨር እጀታ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ብዙ ሽቦ ሲስብ ጉልበቱ በዚያው ልክ ያንሳል። ሰውን የሚያታልለው የእጅ ስሜቱ ነው፦ ጎማው ወዲያው ቸርኬውን ይነካል፣ እጀታው እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ «እንዴት ያለ ፍሬን ነው» ያሰኛል። ቁልቁለት ላይ ግን በሁለት እጅ ጨብጠኸው ሳይክሉ ይሄዳል።

መለየት ቀላል ነው። እጀታው ከሚታጠፍባት ፒን መሃል እስከ ሽቦው ራስ መቀመጫ መሃል ለካ። 30 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ የቪ ነው፤ የካንቲሊቨሩ ከዚያ ያጥራል። አንዳንዱ እጀታ ደግሞ የሽቦው ራስ መቀመጫ በብሎን ቦታ ይለውጣል፤ ፈትተህ ወደ ፒኑ ካስጠጋኸው የካንቲሊቨር ይሆናል። መጀመሪያ ያንን ፈልግ፤ ያለህ ይበቃ ይሆናል። ከሌለው የአሮጌ ማውንቴን ሳይክል እጀታ ጥንዱን ፈልግ።

ሽቦው ላይ ቁጠባ አይግባ። የፍሬን ሽቦ 1.5 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። የማርሽ ሽቦ ቀጭን ነው፣ ራሱም ያንሳል፤ እጀታው ውስጥ ይንሸራተታል። ከሁሉ በላይ ሽፋኑን አትቀላቅል። የፍሬን ሽፋን ውስጡ እንደ ሞላ የተጠቀለለ ብረት ነው። የማርሽ ሽፋን ውስጡ በቁመት የተደረደሩ ክሮች ናቸው፤ በፍሬን ጉልበት ሲጨመቅ ጎኑ ይፈነዳል። የሚፈነዳው ደግሞ በጣም በጨበጥክበት ሰዓት ነው።

---

እንጦጦ መውረጃ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:40

ሦስተኛው ጥያቄ አልተመለሰም። መንጠቆውን ስታስር አግድሙ ሽቦ ከክንዱ ጋር 90 ዲግሪ ይሥራ። ማለትም ከፔርኖው መሃል እስከ ሽቦው ማሰሪያ አንድ መስመር በዓይንህ አስምር፤ ሽቦው ከዚያ መስመር ላይ እንደ ማዕዘን ሠሪ ቀጥ ብሎ ይነሳ። ይህ ሕግ ነው። ከዚያ ዝቅም ከፍም ማድረግ ጉልበት ማባከን ነው።

---

ቶርኖ ቤት · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:10

ወንድም፣ 90 ዲግሪ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። የሚረሳው አግድሙ ሽቦ ራሱ ጉልበት አባዥ መሆኑ ነው። ሁለት ሰው ገመድ ወጥሮ ይዞ ሦስተኛው መሃሉን ቢጫነው፣ ገመዱ በተወጠረ ቁጥር ዳር ያሉት ይበልጥ ይጎተታሉ። እዚህም እንደዚያው ነው።

በቁጥር እናድርገው። ዋናው ሽቦ መንጠቆውን በ10 ኪሎ ይሳበው። አግድሙ ሽቦ ከአግድም መስመር 60 ዲግሪ ሽቅብ ከቆመ እያንዳንዱ ክንድ በ5.8 ኪሎ ይሳባል። በ45 ዲግሪ 7.1 ኪሎ። በ30 ዲግሪ ሙሉ 10 ኪሎ። በ20 ዲግሪ 14.6 ኪሎ። እጅህ ያው እጅ ነው፣ የተለወጠው የመንጠቆው ከፍታ ብቻ ነው።

በተዘረጋ ክንድ ላይ መንጠቆውን ስታወርድ ከ90 ዲግሪው ትርቃለህ፣ ትንሽ ታጣለህ፤ ቢሆንም ከአግድሙ ሽቦ የምታተርፈው ይበልጣል። ቀጥ ብሎ በቆመ ክንድ ላይ ደግሞ ስታወርድ ወደ 90 ዲግሪው ትቀርባለህ፣ ስለዚህ ትርፉ ድርብ ነው። እንደዚህ ዓይነቱን ክንድ መንጠቆውን ከፍ አድርጎ መግጠም ትልቁ ስሕተት ነው።

ዋጋው ምንድን ነው? የሽቦ ጉዞ። መንጠቆው ዝቅ ባለ ቁጥር ጎማውን ቸርኬው ላይ ለማድረስ እጀታው ብዙ ይሄዳል፣ ስሜቱም ይለሰልሳል። እጀታው ማኑብሪዮውን (መሪውን) እስኪነካ ከደረሰ ጉልበቱ ምንም ቢበዛ አይጠቅምም። ልኩ ይህ ነው፦ በሙሉ ኃይል ስትጨብጥ በእጀታውና በማኑብሪዮው መካከል ሁለት ጣት ይግባ። መንጠቆውን እስከዚያ አውርድ።

ከዚህ አንድ ነገር ይወጣል። ጠያቂው የካንቲሊቨር እጀታ እስኪያገኝ በቪው መሄድ ካለበት፣ የቪው እጀታ የሽቦ ጉዞ አለው፣ የጎደለው ጉልበት ነው። መንጠቆውን ወደ 20 ዲግሪ ካወረደ ከጎደለው ከፊሉን መልሶ ያገኛል። ሙሉ ምትክ ግን አይደለም፤ ለሜዳ እንጂ ለእንጦጦ አይሆንም።

---

እንጦጦ መውረጃ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:30

ተቀብያለሁ፤ ስለ ክንዱ ብቻ አስቤ አግድሙን ሽቦ ረስቼዋለሁ። ግን ዝቅ ማድረግን ያለ ገደብ አትምከሩ። ዋናው ሽቦ ቢበጠስ ወይም ከመንጠቆው ቢንሸራተት፣ አግድሙ ሽቦ ጎማው ላይ ይወድቃል። የማውንቴን ጎማ ጥርስ ሽቦውን ይዞ ወደፊት ይጎትታል፣ የፊት ጎማ በአንድ ጊዜ ይቆማል፣ ነጂው በማኑብሪዮው ላይ ያልፋል። ፎርኬላው ራስ ላይ ያለው የፊት አንጸባራቂ ማሰሪያ ብረት ለጌጥ አይደለም፤ የወደቀውን ሽቦ ከጎማው በላይ ይዞ የሚያስቀረው እሱ ነው። መከለያ ያለው ሳይክልም ይድናል። ሁለቱም ከሌሉ ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ አንድ የኤል ቅርጽ ቁራጭ አጥፈህ ከአግድሙ ሽቦ በታች፣ ከጎማው በላይ አስረው። በአግድሙ ሽቦና በጎማው መካከል ከ2 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ የክረምት ጭቃም ማለፊያ ይፈልጋል።

---

ራንዴላ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12:45

ስለ ጎማውና ስለ ራንዴላው ማንም አላነሳም፤ ጩኸቱን የሚያመጣው ግን እሱ ነው።

የተደባለቀውን ራንዴላ ለሁለት ክፈል፦ ጠፍጣፋና ጎድጎድ ወይም ጎበጥ ያለ። ጎበጡ ጎድጓዳው ውስጥ ይቀመጣል፣ እንደ እንቁላል በማንኪያ። ጎማውን ወደፈለግህበት የሚያጋድለው ይህ ጥንድ ነው። ጎበጥ ያለውን ከጠፍጣፋ ጋር ካገናኘኸው የሚይዘው በጠርዙ ብቻ ነው፤ ስታጠብቅ ይዞራል፣ በሁለተኛው ቀን ይላላል። የጎማው እግር ባለ ቀዳዳው ቡሎን ውስጥ ያልፋል፤ ቡሎኑ በክንዱ ክፍተት ውስጥ ወደ ኋላ ይወጣል፤ ከኋላው ጠፍጣፋ ራንዴላ፣ ከዚያ ዳዶ። ከፊት ባለ 5 ብሩጎላ ይይዛል፣ ከኋላ 10 ቁልፍ ያጠብቃል፤ ከ8 እስከ 9 ኒውተን ሜትር።

ከመግጠምህ በፊት ጎማውን በጥፍርህ ጫን። ምልክት ካልቀረበትና ካብረቀረቀ ደርቋል። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ መሬት ላይ አድርገህ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ግፈፈው። ከሥሩ ጥቁርና ለስላሳ ከወጣ ይሠራል፤ እንደ ቀንድ ደረቅ ከሆነ አዲስ ግዛ። የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ፍርፋሪዎች ከተቀበሩበት በመርፌ አንድ በአንድ ልቀም። ቸርኬ የሚበላው እሱ ነው።

አቀማመጡ እንዲህ ነው። ጎማውን በእጅህ ቸርኬው ላይ ጫን፤ የላይ ጠርዙ ከቸርኬው የላይ ጠርዝ 1 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይበል። ከፍ ካለ የሳይክሉን ጎማ ጎኑን በልቶ ያፈነዳዋል። ዝቅ ካለ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፦ የካንቲሊቨር ክንድ ከታች ታስሮ ስለሚዞር፣ ጎማው እያለቀ ሲሄድ የሚመታው እየወረደ ነው፤ በመጨረሻ ከቸርኬው ሥር ሾልኮ ራጂው (የቸርኬው ሽቦዎች) ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከፍ ካለው በኩል ጀምር፣ በየወሩም እየው።

ለጩኸቱ፦ የጎማው የፊት ጫፍ ቀድሞ ይንካ፣ የኋላው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ። የባንክ ኤቲኤም ካርድ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ከጎማው የኋላ ጫፍና ከቸርኬው መካከል የካርዱን ጠርዝ አስገባ፣ ክንዱን በላስቲክ ቸርኬው ላይ ወጥረህ እሰር፣ ከዚያ አጥብቅ። ዳዶው ሲጠብቅ ጎማውን ይዞ ይዞራልና መጀመሪያ በጥቂቱ በተቃራኒው አዙረህ ጀምር፤ ሲጠብቅ ቦታው ላይ ይደርሳል። ሁለቱ እግሮች ከቡሎኑ የወጡበት ርዝመት ግራና ቀኝ እኩል ይሁን፤ በማስመሪያ ለካው፣ በዓይን አትመን። የጎማዎቹ እግር ለስላሳ መሆኑ ዕድልህ ነው፤ በፔርኖዎቹ መካከል ያለው ስፋት ከፍሬም ፍሬም ስለሚለያይ እንደ ልብህ ታስወጣዋለህ ታስገባዋለህ።

---

አራት ኪሎ 28 · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:20

ይቅርታ፣ በዚሁ ልጠይቅ። የኋላው ካንቲሊቨር ሲጨበጥ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ የፊቱም የኋላውም አይይዝም። ጎማዎቹ አዲስ ናቸው፣ «ራንዴላ» በጻፈው አቀማመጥ ገብተዋል። አንድ የኋላ ክንድም ስንጥቅ አለው፣ የሽቦ ማሰሪያ ቡሎን ያለው በኩል።

---

የጥንቱ መካኒክ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:05

እህቴ፣ ስንጥቅ ያለው ክንድ ዛሬውኑ ይፈታ። አሉሚኒየም አስቀድሞ አይጎብጥም፤ አንድ ቀን ይለያያል። በብየዳም አይታመንም። ክንዱ እስኪለወጥ ሳይክሉ ይቁም።

ስለ ልስላሴው ሌላ ሰው እጀታውን አጥብቆ ይጨብጥ፣ አንቺ ከኋላ ሆነሽ ሽፋኑ የሚያልቅበትን ማቆሚያ ተመልከቺ፤ ኮርቻው ሥር ያለውን። ወደ ታች ከጎበጠ ልስላሴው እሱ ነው፣ ወፍራም ማቆሚያ ይፈልጋል። ካልጎበጠ ሽፋኑን ፈትሺ። ጫፉ ተንጋዶ ከተቆረጠ በየጭብጡ ይጨመቃል። በሞረድ ቀጥ አድርገሽ ልጊው፣ የውስጡን ቀዳዳ በመርፌ ክፈቺ፣ ቆብ አልብሺው። የኋላው መስመር ረጅም ስለሆነ ትንሽ ልስላሴ የማይቀር ነው፤ እንደ ስፖንጅ ግን አይደለም።

ስለ ዝናቡ ማግኔት ውሰጂና ቸርኬው ላይ አስጠጊ። ከተለጠፈ ቸርኬው ክሮም የተቀባ ብረት ነው። በደረቅ ጊዜ ደህና ይይዛል፤ ሲረጥብ ግን ጎማው ላዩ ላይ ይንሸራተታል፣ ምንም ዓይነት አገጣጠም አያድነውም። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚነዳ ሰው አሉሚኒየም ቸርኬ ያስፈልገዋል። እስከዚያው ቁልቁለት ከመጀመርሽ በፊት ፍሬኑን በስሱ ይዘሽ ጥቂት ዙር አሽከርክሪው፣ ውኃው ይጠረግ። ማግኔቱ ካልያዘ ቸርኬው አሉሚኒየም ነው፤ በስፒሪት በተነከረ ጨርቅ ጥረጊው። በናፍጣ አይሆንም፤ የሚተወው ቅባት ከውኃው ይብሳል።

---

ሞላ ፈላጊ · ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10:00

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የተደረገውን ልዘርዝር።

ከሦስቱ ጥቁር ሞላዎች ሁለቱ የግራ፣ አንዱ የቀኝ ሆነው ተገኙ፤ ጋሼ ቀለም አይታመንም ያሉት ልክ ነበር። የፊት ግራ ፔርኖ ጫፉ 8.25 ነበር፤ በብርጭቆ ወረቀት ወደ 8 ወርዶ ክንዱ በገዛ ክብደቱ ይወድቃል። እጀታው ባለ ሁለት ቦታ ኖሮ ወደ ካንቲሊቨሩ ተዛውሯል። ክንዶቹ ቀጥ ብለው የቆሙት ዓይነት ስለሆኑ መንጠቆው ወደ 30 ዲግሪ ወርዷል፣ ከጎማው በላይ 3 ሳንቲ ሜትር ቀርቷል፣ እጀታው ማኑብሪዮው ጋ ሁለት ጣት ሲቀረው ይቆማል። የኋላው ጸጥ ብሎ ይይዛል።

የፊቱ ግን ሲያዝ ፎርኬላው ይንቀጠቀጣል። ጩኸት አይደለም፣ ርግብግቢት ነው፤ በተለይ በዝግታ ሊቆም ሲል። ጎማው በኤቲኤም ካርዱ ልክ ነው የታሰረው።

---

ቶርኖ ቤት · ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11:25

መጀመሪያ የማኑብሪዮውን አንገት እይ። የፊት ፍሬኑን ጨብጠህ ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ወዝውዝ፣ አንድ ጣትህን ፍሬሙና ፎርኬላው የሚገናኙበት ላይ አድርግ። «ቅጭ» የሚል ከተሰማህ ኩሽኔታው ላልቷል፤ እሱን አጥብቀህ እንደገና ሞክር።

አንገቱ ደህና ከሆነ ምክንያቱ የሽፋኑ ማቆሚያ ያለበት ቦታ ነው። ማቆሚያው አንገቱ ላይ ነው፣ ክንዶቹ ፎርኬላው ላይ። ፍሬን ሲያዝ ፎርኬላው ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ሲታጠፍ በማቆሚያውና በመንጠቆው መካከል ያለው ርቀት ይለወጣል፣ ሽቦው በራሱ ይወጠራል፣ ፍሬኑ ያለ እጅህ ይጠብቃል። ጎማው ሲንሸራተት ፎርኬላው ይመለሳል፣ ሽቦው ይላላል፤ እንደገና ይይዛል። ርግብግቢቱ ይህ ነው። ቁርጡ መፍትሔ ማቆሚያውን ወደ ፎርኬላው ራስ ማውረድ ነው፣ የአንጸባራቂው ብረት በሚታሰርበት ቀዳዳ ላይ። ያኔ ማቆሚያውና ክንዶቹ አብረው ይንቀሳቀሳሉ። እዚያ ስታስረው ግን የሚወድቀውን ሽቦ የሚይዘው ብረት አብሮ ይኑር፣ እሱን አንስተህ አትተካው።

እስከዚያው የፊት ጎማዎቹን የኋላ ክፍተት ወደ ሁለት ካርድ ውፍረት አሳድገው። አያጠፋውም፣ ይቀንሰዋል።

---

የጥንቱ መካኒክ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:10

ቸርችልን ከመውረድህ በፊት አንድ ነገር። ሽቦው ከማሰሪያው ቡሎን በሚወጣበት ላይ፣ መንጠቆውም ላይ፣ በጥፍር ቀለም ግማሹ ሽቦው ግማሹ ቡሎኑ ላይ እንዲያርፍ አንድ አንድ ነጥብ አድርግ። ሲደርቅ ሳይክሉ ቆሞ እጀታውን በሙሉ ኃይል 20 ጊዜ ጨብጥ፣ መጨረሻውን እስከ 10 ቆጥረህ ያዝ። ነጥቡ ከተሰነጠቀ ሽቦው ተንሸራቷል። ፈትተህ ሽቦውንም ራንዴላውንም በስፒሪት ጥረግ፤ ግራሶ ነክቶት ይሆናል። ከ6 እስከ 8 ኒውተን ሜትር አጥብቅና እንደገና 20 ጊዜ። ከዚያ በሜዳ፣ በእግር መሄጃ ፍጥነት፣ የፊቱን ብቻ፤ ቀጥሎ የኋላውን ብቻ።

---

ሞላ ፈላጊ · እሑድ፣ ከጠዋቱ 4:30

አንገቱ ላልቶ ነበር፤ ከጠበቀ በኋላ ርግብግቢቱ ወደ ሩብ ወርዷል። ማቆሚያውን ለማውረድ ብረቱ እየተፈለገ ነው። የጥፍር ቀለሙ መንጠቆው ላይ በመጀመሪያው ዙር ተሰነጠቀ፤ ከጽዳቱ በኋላ በሁለተኛው አልተነቃነቀም።

እህት አራት ኪሎ፣ አምስተኛው ክንድ ተርፏል። የሽቦ ማሰሪያ ቡሎን አለው፣ ቀጥ ብሎ የቆመው ዓይነት ነው፣ ከቀዳዳው መሃል እስከ ሽቦው ማሰሪያ 68 ሚሊ ሜትር። ያንቺም እንደዚያው የቆመ ከሆነ ያዥው።

---

አራት ኪሎ 28 · እሑድ፣ ከጠዋቱ 5:15

የቆመ ነው፣ 67 መጣ። የአንድ ሚሊ ሜትሩ ልዩነት ችግር አለው?

---

የጥንቱ መካኒክ · እሑድ፣ ከጠዋቱ 5:40

የለውም እህቴ፣ የሞላ ማስተካከያ ብሎኑ ይበቃዋል። ክንዱ ቡሽ ላይ ግን ፔርኖሽን ለክተሽ ሞክሪው፤ ያንቺ 8 ሆኖ ቡሹ 8.3 ከሆነ ይንጓጓል።